ድስቱን ማን ነካው

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ሥራዬ ሰው አጠገብ ተቀምጬ የሰው እጅ ማየት ነው። ተማሪው ዓይኑን መንገዱ ላይ ይጥላል፤ እኔ ዓይኔን እጁ ላይ እጥላለሁ። እጅ ከባለቤቱ ይቀድማል። ማርሽ ሊነካ ሲል፣ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል፣ ፈርቶ መሪውን አንቆ ሲይዝ፣ እሱ ሳያውቀው እኔ አውቄዋለሁ። እግሬ ሥር የራሴ ፍሬን አለኝ። በዚህ ፍሬን ስንቱን ከግንብ አትርፌዋለሁ፤ ያመሰገነኝ ግን የለም። ሁሉም መኪናው በገዛ ፈቃዱ የቆመ ይመስለዋል።

ይህን ያነሳሁት ስለ መኪና ለማውራት አይደለም። የማወራው ስለ አማቴና ስለ ፋጅ ነው።

ፋጅን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር፣ ወተትና የገበታ ቅቤ አንድ ድስት ውስጥ ይፈላሉ። ፈልቶ ሲወፍር፣ ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ በጣት ሲድበለበል፣ ከእሳት ይወርዳል። ለብ እስኪል ይቀመጣል። ከዚያ ክንድ እስኪዝል ድረስ በማማሰያ ይመታል፤ ወዙ ሲጠፋ ትሪ ላይ ተዘርግቶ በቢላ ይቆረጣል። ከረሜላ ነው፣ ግን ጥርስ አይፈልግም። ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ማንም ደግሞ ያበላሸዋል።

አማቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠሩታል። ከአንድ ድስት ለሁሉም የየራሱን ያወጣሉ። ፋጁ ተመትቶ ሊጠና ሲል ትንሽ ፋታ አለችው፤ በዚያች ፋታ እጃቸው እየተጣደፈ ለአራት ትሪ ያካፍሉታል። የታላቁ ልጃቸው ላይ የተቆላ ኦቾሎኒ ይነሰነሳል። የባለቤቴ ኮኮናት ይገባበታል። የታናሿ ከቀለጠ ቸኮላት ጋር ይለወሳል። የባላቸው ድርሻ ደግሞ ደቅቆ የተከተፈ የብርቱካን ልጣጭና ቆንጠር ያለ ጨው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህም የብርቱካኑ ትሪ አልቀረም፤ ባለቤት ስላጣ ለእኔ ተላለፈ። ለአማች የሚመደብ የራሱ ጣዕም የለም። ብርቱካን አልወድም፤ ግን ውርስ ነውና እበላለሁ።

አንድ ጊዜ «የእርስዎስ የትኛው ነው፣ እማማ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ድስቱ ላይ የቀረው ነዋ» ብለው ሳቁ።

የዚህ ቤት ፋጅ የሚታወቀው በመንኮሻኮሹ ነው። ጥርስ ሥር ሲገባ እንደ ደቃቅ አሸዋ ቅርሽም ቅርሽም ይላል፣ ከዚያ ነው የሚቀልጠው። ልጆቹ በዚህ ይኮሩበታል። የሱቁን ፋጅ አንድ ጊዜ ብገዛ ባለቤቴ ቀምሳ «ሳሙና ነው እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። እነሱ ቤት ፋጅ ማለት የሚንኮሻኮሽ ነው፤ የማይንኮሻኮሽ ሌላ ስም ይፈለግለት።

እንዳልኩት ባላቸው ሞቱ። ከዚያ ታናሿ አገባች። ቤተሰቡ ሚጡ ይላታል፤ ፎቶ አንሺ ናት፤ አግብታም፣ ካሜራዋን አንግታ የሰው ሠርግ ስታዝዝም ያው ሚጡ ናት። ታላቅየው ከድሮም ወጥቷል፣ ባለቤቴንም እኔ ወስጃታለሁ። ሰው ሲገባና ሲወጣ የኖረበት ቤት ውስጥ አማቴ ብቻቸውን ቀሩ። አላማረሩም። ቅዳሜ ፋጃቸውን እየሠሩ፣ በትንንሽ ካርቶን እያደረጉ፣ በየቤታችን ይልኩልን ጀመር።

መጀመሪያ የባነነችው ባለቤቴ ናት። ፋርማሲስት ናት፤ ሰው ሲያስነጥስ የመድኃኒት ስም ነው የሚመጣባት። ከኮኮናቱ አንድ ቁራጭ አፏ ውስጥ ከተተችና ማኘኳን አቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፋጅ።»

«ፋጅማ መሆኑን አውቃለሁ። ይቀልጣል እኮ።»

ቀመስኩት። እውነቷን ነው፤ ምላስ ላይ ጋደም ብሎ ቀስ እያለ ይጠፋል። ጥሩ ነው ልል አፌን ከፍቼ፣ ፊቷን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣውም ቀለጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይባስ ብሎ እንደ ቅቤ ሆነ። ያኔ ወንድሟ ስብሰባ ጠራ። ይህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊ ነው፤ እኛ ግን ሊቀመንበሩ ነው የምንለው፣ ምክንያቱም ምሳ እንኳን ያለ አጀንዳ አይበላም። ሦስቱ ወንድማማችና እኅትማማቾች በስልክ ተገናኙ፤ እኔ ሶፋው ጥግ ሆኜ ሰማሁ።

«እኔ እንደሚመስለኝ እማዬ አሠራሩ እየጠፋባት ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሱን እንኳን በእንቅልፏ ነው የምትሠራው» አለች ሚጡ።

«ለዚህ እኮ ነው የሚያሳስበው።»

ከዚያ ማስረጃ መደርደር ሆነ። ባለፈው እማዬ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ረስታለች። ሚጡን ፈልጋ ስትጣራ መጀመሪያ የባለቤቴን ስም፣ ቀጥሎ የሊቀመንበሩን፣ በመጨረሻ የሚጡን ጠርታለች። ልጆቿን ስም ሳታቀያይር የምትጠራ እናት አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ይህም ማስረጃ ሆነ። ባለቤቴ የሚያዝ መድኃኒት ስለ መኖሩና ስላለመኖሩ በዝርዝር አስረዳች። ማልቀስ ስትፈልግ ዝርዝር ውስጥ ትገባለች።

ሊቀመንበሩ አጠቃለለ። «እኔ ጋ ትምጣ። የጀርባዋ ክፍል አለች። ቤቱ ይከራያል።»

የጀርባዋን ክፍል አውቃታለሁ። ብስክሌት ቆሞባታል፣ የልብስ ማስጫ ተዘርግቶባታል፣ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። አማች በእንዲህ ያለ ጉዳይ ድምፅ የለውም፤ አስተያየት ቢጠየቅም «ሻይ ይቀዳልህ?» እንደ መባል ነው።

በዚያው ሰሞን እግሬን ሰበርኩ። ተማሪ አይደለም የሰበረኝ፣ የገዛ ቤቴ ደረጃ ነው። እስከ ጉልበቴ ጀሶ ተለበጠልኝ። ባለቤቴ ብቻዬን ቤት መዋሌን አላመነችበትም፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ እንደ ዕቃ እናቷ ቤት እያደረሰችኝ፣ ማታ ትወስደኝ ጀመር። አማቴ ወጥ ቤቱ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀመጡልኝ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ጫኑልኝ፣ ሽንኩርት እንድልጥ ሰጡኝ። ተመችቶኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ፋጅ ሲሠሩ ያኔ አየሁ። ቅዳሜን መጠበቅ ትተው ነበር። በፊት የሚገዙትን ወተት ትተው ሌላ ሞከሩ። ቅቤውን ለወጡ። ስኳሩን ጠረጠሩ። ድስቱን በጨው ፈተጉት። ከእሳት ሲያወርዱት መስኮቱ ሥር ያስቀምጡትና፣ ማማሰያውን እንደ ቆመ እዚያው ትተውት፣ ሳሎን ገብተው ትሪዎቹን ወረቀት ያለብሳሉ፣ ኦቾሎኒ ይከካሉ፣ ልጣጭ ይከትፋሉ። ድስቱና እኔ እንተያያለን። እኔ መነሳት አልችልም፤ እሱም ይቀዘቅዛል። ተመልሰው መጥተው ይመቱታል፣ ይዘረጉታል፣ ይቆርጡታል፣ ይቀምሳሉ። ከዚያ ፊታቸው ይጠቁራል።

«እንካ፣ እስቲ አንተ ቅመሰው።»

«ጥሩ ነው፣ እማማ። ከልቤ ነው።»

«ይንኮሻኮሻል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አይንኮሻኮሽም።»

ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የሰው እጅ እንደሚያዩ አዩአቸው።

«እጄ ከዳኝ፣ ልጄ» አሉ። «ልጆቹ እውነታቸውን ነው።»

አንጀቴን በሉት። የማጽናኛ ቃል ፈልጌ የመጣልኝ ስለ ፍሬን ሸራ ነበር፤ እሱን ደግሞ ዋጥኩት። ምን ላድርግ፣ ያየሁት ስሕተት አልነበረም። ሴትዮዋ ምንም አላጠፉም፤ ያልጠፋውን ነገር ደግሞ የት አገኘዋለሁ።

ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ይዞ ሲመጣም እዚያው ነበርኩ። የሥራ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነው የተናገረው። ነገሩን በዙሪያው ዞሮ ዞሮ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ ብርዱ አውርቶ፣ በመጨረሻ የጀርባዋን ክፍል አነሳ። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ሲያይ ዓይኑ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ መሪውን አንቆ ይይዛል።

አማቴ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አንድ ቅዳሜ ስጡኝ» አሉ። «ሁላችሁም እዚሁ ባላችሁበት ልሥራው። እንደ ድሮው ከወጣልኝ ቤቴ እቀመጣለሁ። እንቢ ካለኝ ጨርቄን ጠቅልዬ እመጣልሃለሁ፣ አላስቸግርህም።»

«እማዬ፣ ፈተና አይደለም እኮ።»

«ፈተና ነው» አሉና የቡና ሲኒውን አነሱለት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሞላ። ወጥ ቤቱ የዚያ ቤት መተላለፊያ ነው፤ ወደ ጓሮም ሆነ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚኬደው በእሱ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲበዛ ከሳሎን ይልቅ እሱ ይጨናነቃል። እኔ ጀሶዬን በርጩማ ላይ ጭኜ ጥጌን ይዣለሁ። አማቴ ወተቱን አፈሉ። ጠብታውን ውኃ ውስጥ አድርገው አድበለበሉት። ድስቱን አወረዱ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጡ፣ ማማሰያውን ትተው ትሪ ለማሰናዳት ሳሎን ገቡ። ሲያልፉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩት ለፋጅ ነበር።

መጀመሪያ የገባው ሊቀመንበሩ ነው። እጁን ሊታጠብ እየሄደ ነበር። ስልኩን በአንድ ጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ ስለ አንድ የጨረታ ጉዳይ እያወራ፣ እግረ መንገዱን ማማሰያውን ያዘ፣ ድስቱን ዞር ዞር አደረገው፣ ማማሰያውን የድስቱ ከንፈር ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ መልሶ ተወውና አለፈ። ሲመለስም ደገመው። ወሬው ለአፍታም አልተቋረጠም።

ቀጥላ ባለቤቴ ብርጭቆ ፍለጋ መጣች። «አላመመህም?» ብላ እኔን እያየች፣ እጇ ማማሰያው ላይ ነበር። ዞር ዞር፣ ጠቅ ጠቅ። «አላመመኝም» አልኳት። ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች።

ሚጡ ካሜራዋን አንግታ መጣች። መስኮቱን ከፈተች፣ ብርሃኑን አየች፣ ድስቱን አማሰለች፣ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ወጣች። ባሏን ወደ ጓሮ ስትጠራው በመንገዷ ደግማ አማሰለች።

እኔ የሽንኩርት ቢላ እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን የማንኳኳት ነገር አውቀዋለሁ። ሟቹ ሽማግሌ ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደው፣ ያለውን ሁሉ፣ ወጥም ይሁን ሾርባ፣ አንድ ጊዜ አማስለው የድስቱን ከንፈር ጠቅ ጠቅ ያደርጉ ነበር። የሰውዬው «እንዴት ዋላችሁ» ያ ነበር። ልጆቹ መልኩን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ወርሰዋል፤ መውረሳቸውን ግን አያውቁም። ሦስቱም በየተራ ድስቱን ሰላም ብለው አለፉ።

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ልማድ ነው፤ ተማሪ ሲሳሳት እስከ መጨረሻው ሳላይ ፍሬን አልረግጥም።

አማቴ ተመልሰው መቱት። ገና ጥቂት ሲመቱት ጠናባቸው። በችኮላ አካፈሉት፤ ኦቾሎኒው፣ ኮኮናቱ፣ ቸኮላቱ፣ ብርቱካኑ ገባ። ቆረጡት። ሳሎን ይዘውት ገቡ፤ እኔንም ከነወንበሬ ጎትተው አስገቡኝ። ሊቀመንበሩ የኦቾሎኒውን አንስቶ አኘከ። ቅርሽም የሚለው እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ።

«ይሄ ነው» አለ። «እራሱ ነው።»

ሚጡ እናቷን አቅፋ ሳመቻቸው። ባለቤቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። የአማቴ ፊት በራ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ በዚያ ሁሉ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተደግፈው ሲቀመጡ አየኋቸው። እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ እኔም ብርቱካኔን በልቼ ዝም እል ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያችሁ አይደል?» አለ። «ከሰው ጋር ስትሆን እጇ ተመለሰ። ብቻዋን ስትሆን ይጠፋባታል። ችግሩ ብቸኝነቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ጋ መምጣቷ አሁን ነው ይበልጥ ግልጽ የሆነው።»

ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች። ሚጡም አሰብ አድርጋ «እሱስ እውነት ነው» አለች። በክፋት አይደለም፤ ሁሉም እናታቸውን የሚያተርፉ መስሏቸዋል። አማቴ ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ። የበራው ፊታቸው ቀስ ብሎ ጨለመ።

«እንግዲህ ካላችሁ» አሉ።

ፍሬኑን ረገጥኩ።

«ድስቱን ማን ነካው?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ በዚያ ቤት ስብሰባ ላይ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«የቱን ድስት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የፋጁን። ሲቀዘቅዝ።»

«ማን ይነካዋል? እኔ ሞቼ ነው ድስት የምነካው።»

«ሁለት ጊዜ ነካኸው። ስትሄድና ስትመለስ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጀሶው ጭንቅላትህ ድረስ ወጣ እንዴ?»

ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ካደች። ለሚጡ ነገርኳት፣ ሳቀች። ሦስቱም ዓይናቸውን በጨው አጥበው ካዱ ማለት ይቻል ነበር፣ ውሸት ቢሆን ኖሮ። ግን አይዋሹም ነበር። በእውነት አያውቁትም። በሙያዬ ስንቱ ነው «እኔ ማርሽ አልነካሁም» ብሎ የማለልኝ፣ እጁ ማርሹ ላይ እንዳለ።

«ብቻቸውን ሲሠሩት ማንም አይነካውም» አልኩ። «ስለማይነካው ነው የሚቀልጠው። እዚያ ጥግ ሆኜ ስንቱን ድስት አይቻለሁ። ዛሬ የተንኮሻኮሸው እናንተ ሳይበርድ ስላማሰላችሁት ነው። ድሮም እንደዚያው ይመስለኛል። እሳቸው ያጠፉት ነገር የለም፤ የረሱትም ነገር የለም።»

ሊቀመንበሩ ፊቱን ቋጥሮ ባለቤቴን አያት፤ ባልሽን ያዢልን እንደ ማለት። አማቴ ግን እኔን ነበር የሚያዩት፤ አተኩረው። ከዚያ ተነሱ።

«ወተት አለ» አሉ።

እንደገና አፈሉት። በዚህኛው ሁሉንም ወጥ ቤት አስገቧቸው፤ በርጩማ፣ ጣሳ፣ የተገለበጠ ባልዲ ሳይቀር እየሰጡ በድስቱ ዙሪያ አስቀመጧቸው። ማማሰያው እንደ ልማዱ ድስቱ ውስጥ ቆመ። «እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ» አሉ። የአስተዳደር ኃላፊው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ፋጅ ሲቀዘቅዝ ማየት አሰልቺ ነገር ነው። መጀመሪያ ወሬ ነበር፣ ከዚያ ወሬው አለቀ። ሚጡ ጣቶቿን አቆላለፈች። ባለቤቴ መዳፎቿን ጭኖቿ ሥር ቀበረች። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ፣ «ይህን ያህል መቆየቱ ትክክል ነው?» አለ፣ ተነሳ፣ መብረዱን ሊያይ ጎንበስ አለ። እጁ ወጣ። ጣቶቹ ማማሰያውን ሊጨብጡ ሲሉ ራሱ አያቸው። እንደ ሌላ ሰው እጅ አያቸው። እዚያው በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቆየ። ከዚያ እጁን ይዞ ባልዲው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሚጡ ሳቋን መያዝ አቃታት። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

«አባዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ ነው እንደዚህ የሚያደርገው። ጠቅ ጠቅ።»

ሊቀመንበሩ ቀና አላለም። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ በመሐረቡ ፊቱን ጠረገና ሙቀቱን አማረረ።

አማቴ ለብ ሲልላቸው ተነስተው መቱት። ወዙ ሲጠፋ ትሪ ላይ ዘረጉት፤ ጣዕም አልጨመሩበትም። ሁሉም ቀመሱ። ምላስ ላይ ጋደም ብሎ ቀለጠ። የሚያኝክ ሰው ስላልነበረ ክፍሉ ጸጥ አለ።

«እኔ ግን የድሮው ይሻለኛል» አለ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ፣ ልጅ በሚያኮርፍበት ድምፅ።

«የድሮውን ስትፈልጉ ኑና አማስሉ» አሉ አማቴ። «እኔ ቤቴ ነኝ።»

የጀርባዋ ክፍል ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። ብስክሌቱ አሁንም እዚያው ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው መምጣት ጀምረዋል፤ እየመጡም በግልጽ፣ ተራ ገብተው ያማስላሉ። ማን ቀድሞ ማንኳኳት እንዳለበት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ሊቀመንበሩ አጀንዳ ሳያስይዘው አይቀርም።

ጀሶዬ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን፣ በተማሪና በተማሪ መካከል ጊዜ ስላገኘሁ ጎራ አልኩባቸው። ቅዳሜ አልነበረም። ድስቱ መስኮቱ ሥር ነበር፤ አማቴ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ትሪው አንድ ብቻ ነው። ኦቾሎኒ የለ፣ ኮኮናት የለ።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«የኔ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ከድስቱ ሳይነቅሉ ያወሩኝ ጀመር።

«የእናቴ እንደዚህ ነበር። የሚቀልጥ። ልጅ ሆኜ እኔም እንደሱ ይወጣልኝ ነበር። እዚህ ቤት ተድሬ ከመጣሁ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልወጣልኝም። ባሌ ጥሩ ነው ይለኛል፣ ልጆቹም ወደዱት፣ እኔም የእናቴ እጅ አልተላለፈልኝም ብዬ ተውኩት። ዕድሜዬን ሙሉ።»

«ታዲያ ብቻዎን ሲሠሩት ወጣልዎት አይደል?»

«ወጣልኝ። የመጀመሪያውን ስቀምሰው እናቴ እዚህ የቆመች ነው የመሰለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ያረጀ ሰው የዛሬው እየጠፋበት የልጅነቱ ይመጣበታል ሲሉ ሰምቻለሁ። በቃ ጀመረኝ አልኩ። ልጆቹ አንድ ነገር ጎደለው ሲሉ ልቤ ቁርጥ አለ። እጄ ከዳኝ ያልኩህ፣ የባሰውን ደብቄህ ነው። ለዚህ ነው እሄዳለሁ ያልኩት።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «አስበው። የእናቴ እጅ ተመልሶልኝ፣ እብደት ነው ብዬ ልሸኘው ነበር።»

ተነስቼ ውኃ ልቀዳ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እያሰብኩ የነበረው ስለ እሳቸው እናት ነው፤ አይቻቸው ስለማላውቃቸው ሴትዮ።

እጄ ላይ ጥፊ አረፈ። ቀና ስል አማቴ አጠገቤ ቆመዋል፤ ማማሰያው በጣቶቼ መካከል ነው።

«አሁን ገና የቤቱ ልጅ ሆንክ» አሉኝና ድስቱን ወደ ወዲያኛው ጎን አሸሹት።